የአንድ ሰዓት ውሃ

ሰበታ የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በሠርጌ ሰሞን ነው። ጉለሌ ተወልጄ፣ ከቦኖ ውሃ እየቀዳሁ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ በጅማ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳ ስለነበር አንዴ ከሄደ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። እኔ የምኖረው ከአባቱ ጋር ነበር። ቤታቸው ከሰበታ ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ፣ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ እርሻቸው መሐል ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ስለዚህ ቤቱ የእኔ፣ እርሻው የእሳቸው ሆነ።

ስለ እርሻ የማውቀው ምንም አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት የጎመኑን ችግኝ አረም መስሎኝ ነቅዬ አንድ ሙሉ መደብ አጠፋሁ። አማቴ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ደግ አደረግሽ፤ የዛሬው ወጥ ተገኘ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው።

ከወጨጫ የምትወርድ አንዲት ወንዝ አለች። ከእርሻው በላይ በድንጋይና በሣር ክምር ትጠለፍና በቦይ ተስባ ለአራት ቤት ትደርሳለች። መጀመሪያ የምታገኘው የጌሾ እርሻ ነው። የጌሾው ባለቤት እዚያው ተወልደው ያረጁ፣ ሁላችንም «ኦቦ» (በኦሮምኛ «አቶ») ብቻ ብለን የምንጠራቸው ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቀጥሎ የእኛ ጥቅል ጎመን አለ። ከእኛ በታች የአንድ ነጋዴ የሣር ሜዳ ነው። ሰውዬው ከሰሜን መጥተው ሰበታ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሲሆኑ የወተት ላሞች ያረቡ ነበር። ቦዩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ደግሞ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ቀይ ሽንኩርት ትተክላለች። ከእኔ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ብትበልጥ ነው። ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ስሳሳት ሆዷን ይዛ ትስቅብኝ ነበር።

ውሃው በተራ ነው። ባለተራው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ ሲመሽ ወደ ወንዙ ይመለሳል፣ በማግስቱ የሌላው ቀን ይሆናል። ይህን የሚያስከብሩት አማቴ ነበሩ፤ የውሃ ዳኛ ይሏቸዋል። ዳኝነቱ ደመወዝ የለውም። ያለው ነገር ቢኖር ጠዋት ጠዋት ቦዩን ተከትሎ መውጣትና ሁለት ሰዎች ዶማ ይዘው ሲፋጠጡ መሐል መግባት ነው።

በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። የካቲት አለቀ፣ መጋቢት ገባ፤ ሰማዩ እንደተጠረገ ነው። ወንዟ ቀጠነች። ቀድሞ ጉልበት ድረስ የነበረው ቦይ ቁርጭምጭሚት አልሸፍን አለ። አማቴ አንድ ጠዋት ከውሃው መጥለፊያ ላይ ድንጋይ ሊያቃኑ ሲሉ አዳለጣቸውና እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻው መጥቶ በቀርከሃ አሰረላቸውና፣ «አርባ ቀን ከአልጋ እንዳይወርዱ» አለ።

በማግስቱ ሦስቱም ባለውሃዎች ሊጠይቁ መጡ። ጥየቃው ሳያልቅ ወሬው ዳኛ ማን ይሁን ወደሚል ዞረ። ነጋዴው ኦቦን አያምኗቸውም፣ ኦቦ ነጋዴውን አያምኗቸውም። አማቴ ካልጋቸው ላይ ሆነው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ይቺ ልጄ ትሁን» አሉ።

ትኩስ ወተት ይዤ እየገባሁ ነበር። ሊደፋብኝ ምንም አልቀረው።

«ይቺ?» አሉ ኦቦ። «ከቦኖ ስትቀዳ ያደገች ልጅ? ውሃ ከግድግዳ የሚወጣ ይመስላታልኮ!»

«ሰዓት አላት» አሉ አማቴ። «ለማንም አታደላም፤ የማንንም ጠብ አታውቅም። መጻፍም ታውቃለች።»

እውነት ነው፤ አጎቴ ለሠርጌ የሰጡኝ የእጅ ሰዓት ነበረኝ። በዚያ ቦይ ዙሪያ ሌላ ሰዓት አልነበረም። ሰዎቹ ተያዩ። የተሻለ ሰው አላገኙም መሰል እሺ አሉ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የባለቤቴን ቦት ጫማ አጥልቄ መጥለፊያው ጋ ቆምኩ። ልቤ እንደ ፈተና ቀን ትመታ ነበር! ተራው የሽንኩርቷ ባለቤት ነው። ልክ አሥራ ሁለት ሲሆን ሣሩን ገፍተን ውሃውን ወደ ቦዩ ለቀቅነው። ከዚያ ከውሃው ፊት ፊት እየሄድኩ ሰዓቴን አየሁ። ጌሾው ጋ ደረሰ። እኛ ጎመን ጋ ደረሰ። ደረቁ ቦይ እንደተጠማ እንስሳ እየጠጣው ነው። ሽንኩርቱ ጋ ሲደርስ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ሆኗል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ከቀንሽ ላይ አንድ ሰዓት ተኩሉን ቦዩ ነው የሚጠጣው!»

«እኔ ሰዓት ከየት አባቴ አመጣለሁ? ፀሐይ ከዚያች ዛፍ ላይ ስትደርስ ውሃው ይመጣል፤ የማውቀው እሱን ነው» አለች።

በሳምንት ውስጥ አንድ ደብተር ሞላሁ። ማን እንዳዘዘኝ አላውቅም፤ በቃ ያዘኝ። በየማሳው እየቆምኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃው ምን ያህል እንደሚያጠጣ አያለሁ። በነጋዴው ሜዳ ላይ ሙሉ ቀን ተለቆ እንኳ የሜዳው እኩሌታ አይረጥብም፤ ሣሩ ላይ ተበትኖ ይጠፋል። በሽንኩርቱ መደቦች መሐል ግን በአንድ ሰዓት ብቻ አሥራ አንድ መደብ ይጠጣል። ይህን ለአማቴ እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸውም ካልጋቸው ቀና አሉ።

«እንግዲያው ሁሉንም ጠይቂያቸው» አሉኝ። «አንድ ሰዓት ብወስድብዎ ምን ይጎድልብዎታል በያቸው።»

ጠየቅሁ። ነጋዴው፣ «ሣር ነው፤ ትንሽ ያጥር ይሆናል። ግን ላሞቼ አረንጓዴ ነገር ካላገኙ ወተቱ ይቀንሳል» አሉኝ። ኦቦ መልስ አልሰጡኝም፤ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ። የሽንኩርቷ ባለቤት ግን እጄን ይዛ አንዱን ሽንኩርት ከአፈሩ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ገና የዋንዛ ፍሬ ያህል ነው።

«አሁን ነው ራሱን የሚሞላው» አለችኝ። «እስከ ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በዚህ ሦስት ሳምንት ከጠጣ እንደ ጡጫ ይሆናል። ካልጠጣ እንዲሁ ቁጭ ይላል፤ ማን ይገዛኛል?»

የፋሲካ ሰሞን ቀይ ሽንኩርት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለከተማ ልጅ አይነገራትም! ጉለሌ እናቴ ለዶሮው ሽንኩርት ስትፈልግ ሦስት ገበያ ትዞር ነበር። ያን ጊዜ ሐሳቡ መጣልኝ። የነጋዴው ሜዳ ከሷ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው። በእሳቸው ቀን ቦዩ ከጠዋት ጀምሮ ረጥቦ ይውላል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ወደ ሷ ቢዞር በአምስት ደቂቃ ይደርሳል፤ የሚባክን ነገር የለም!

ወዲያው ሰበታ ወርጄ ሱቃቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ቀን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዓቶች ለሽንኩርቱ ይልቀቁላት።»

«ምን ላገኝ?»

«ሽንኩርት ሲደርስ ትሰጥዎታለች።»

«ሽንኩርት ሱቄ ሞልቷል፤ ላሞቼ ሽንኩርት አይበሉም» አሉና ስኳር መመዘናቸውን ቀጠሉ።

ከሱቁ ወጥቼ መንገዱን ሳልጨርስ ቆምኩ። ላሞች ሽንኩርት አይበሉም። ጎመን ግን ይበላሉ! እኛ ጥቅል ጎመኑን ወደ ገበያ ስንልክ የውጭውን ቅጠል እየገፈፍን እንጥለዋለን፤ በየሳምንቱ ክምር ነው። ተመልሼ ገባሁ። «የጎመን ቅጠል ብናመጣልዎስ? በየሁለት ቀኑ አንድ የአህያ ጭነት!» ሚዛኑን አስቀመጡት። «ትኩሱን ከሆነ» አሉ።

ከዚያ ወደ አማቴ ሮጥኩ፤ «እኛስ ለቅጠላችን ምን እናገኛለን?» አሉኝ እየሳቁ። ከዚያ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ሮጥኩ። እሷም ነገሩን ስትሰማ፣ «ለናንተ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት፤ ከመጀመሪያው ነቀላ!» አለች። በአንድ ቀን ሦስት ቤት አስማማሁ። ማታ እግሬን ስታጠብ አንዱ አውራ ጣቴ ቆስሎ ነበር፤ ሲቆስል አልተሰማኝም።

የመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ውሃ ሲዞር የሽንኩርቷ ባለቤት መደቦቹ መሐል ቆማ፣ «ቢሻን ዱፌ! ውሃ መጣ!» እያለች ጮኸች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሠላሳ አራት መደብ ጠጥቶ ነበር። እኔም ከደስታዬ ብዛት ሰዓቱን ሁለቴ አየሁት።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ኦቦ ሰሙ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ ግቢያችን ገቡ። ነጋዴውንና የሽንኩርቷን ባለቤትም አስጠርተው ነበር። አማቴን ከነአልጋቸው ተሸክመን ጥላው ስር አወጣናቸው።

«ይቺ ልጅ ውሃ ሸጠች» አሉ ኦቦ። «እግዜር የሰጠው ውሃ ይሸጣል?»

«አልሸጥኩም ኦቦ፤ ተለዋወጡ እንጂ።»

«ስሙ ነው የተለወጠው። ዛሬ ሦስት ሰዓቱ በጎመን ቅጠል ሄደ። ነገ ገንዘብ ያለው ሰው ከከተማ መጥቶ የአራታችንንም ቀን ልግዛ ቢለንስ? አንዱ ይቸግረዋል፣ ይሸጣል። ሁለተኛው ያየዋል፣ ይሸጣል። ከዚያ ከብቶቻችን ምን ይጠጣሉ?»

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ነጋዴው መሬት መሬት እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እውነቱን ለመናገር» አሉ፣ «ከተማ ጡብ የሚያስመቱ አንድ ሰው የእኔን ቀን ሙሉውን እስከ ሰኔ ልግዛህ ብለውኛል። እሺም እምቢም አላልኳቸውም።»

ፊቴ ጋለ። ቦዩን በሙሉ ልቤ ስሮጥበት ሰንብቼ ምን እንደከፈትኩ አለማየቴ አሳፈረኝ። አማቴ ግን ወደ ኦቦ ዞሩና ቀስ ብለው፣ «ኦቦ፣ በሩን ያዩት አንቱ ነዎት። እንዴት እንዝጋው?» አሏቸው።

ኦቦ ሲጠየቁ ቁጣቸው በረደ። በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ አሰቡ። «ከአራታችን ውጭ ለማንም አይሄድም» አሉ በመጨረሻ። «ከአራታችንም ማንም ከቀኑ እኩሌታ በላይ አይለቅም። ከብት ሊጠጣ ሲመጣ የማንም ይሁን የማን አይባረርም። ይህን ጻፊው።» ደብተሬን አምጥቼ ጻፍኩት፤ አንብቤ አሰማኋቸው፤ ሦስቱ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ፈረሙበት። ነጋዴው ብቻ በፊርማ ነበር፤ ኦቦ ግን፣ «አንተም በጣትህ!» ብለው አስደገሟቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ቦዩን ስወጣ ኦቦ ከጌሾው መሐል ጠሩኝ። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ልጄ ብለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ጌሾ ስሩ ሩቅ ነው» አሉኝ። «አንድ ተራ ቢያልፈው አይሞትም። ያን ቀን ስትጠይቂኝ ያልነገርኩሽ፣ ከነገርኩሽ ትወስጂብኛለሽ ብዬ ነው። አሁን ሕግ አለን። ከቀኔ ላይ አራት ሰዓት ውሰጂ።»

«በምን ልለውጥልዎ ኦቦ?»

«ሽንኩርት አልፈልግም። ጎመንም አልፈልግም።» ዶማቸውን አስደገፉ። «ሐረርጌ ወታደር ልጅ አለኝ። ከተማ ወርጄ ደብዳቤ ሳስጽፍ ጸሐፊው የምናገረውን ያሳጥርብኛል። ወረቀት አለቀ ይለኛል። አንቺ ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ።»

እዚያው ግንድ ላይ ተቀምጠን ጀመርን። ስለ ጥቁሩ በሬ፣ ስለ ሞቱት ጎረቤቶች፣ ስለ ድርቁ፣ ስለ አማቴ እግር፣ ስለ አንዲት ላም አወላለድ ሁሉ ጻፍኩ። ሰባት ገጽ ሆነ። ሳነብላቸው፣ «እንዲህ ነው ደብዳቤ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። ከአራቱ ሰዓት ሁለቱን ለጎመናችን፣ ሁለቱን ለሽንኩርቱ አደረግሁ። የሽንኩርቷ ባለቤትም በፈንታዋ አንድ ቀን መጥታ ጌሾውን አረመችላቸው።

ሽንኩርቱ በዓይኔ ስር ያብጥ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ሄጄ አፈሩን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ የፋሲካ ስጦታ አስቀድሞ እንደሚፈታ ሰው። ለመጨረሻው ማጠጣት የደረሰው ቀን የነጋዴው ተራ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ ግን ቆመ! ቀጠነና፣ ቀጠነና፣ ጭቃው ብቻ ቀረ።

ቀሚሴን ሰብስቤ ቦዩን ሽቅብ ሮጥኩ። ነጋዴውም ከሜዳቸው ኮታቸውን እንደለበሱ ተከተሉኝ። ከጌሾው በላይ የማን እንደሆኑ ያላወቅናቸው ከብቶች ቦዩን ረግጠው አፍርሰውታል፤ ውሃው ሁሉ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ኦቦ ቀድመውን ደርሰዋል። ጋቢያቸውን ጥለው ጭቃው ውስጥ ገብተዋል!

«ድንጋይ አምጡ! ሣር ያለበት አፈር ቁረጡ!» ይላሉ። ነጋዴው አንዴ ጫማቸውን፣ አንዴ ጭቃውን አዩና ዘለው ገቡ። እኔ በአካፋ ሣሩን ከነአፈሩ እየቆረጥኩ አቀብላለሁ፤ ሁለቱ ይደለድላሉ። የሽንኩርቷ ባለቤትም ዶማዋን ይዛ እያለከለከች ደረሰች። ከአንድ ሰዓት በላይ ታገልን። ውሃው ቦዩን ተከትሎ መውረድ ሲጀምር አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ሁላችንም አብረነው ወረድን። ማሳው ጋ ሲደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ከመደቦቹ እኩሌታው ሳይጠጣ መሸ።

የሽንኩርቷ ባለቤት ጎንበስ ብላ ደረቁን መደብ ነካካችው። «የነገው ቀን የማን ነው?» አሉ ኦቦ፣ የማን እንደሆነ እያወቁ። የሳቸው ነበር። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ውሰጂ። ሴትዮ፣ ምንም አትለውጪኝም፤ ከብት ጠጣው ብዬ እቆጥረዋለሁ።»

ከፋሲካ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ተነቀለ። የአንዳንዱ ሽንኩርት መጠን በአንድ እጅ አይያዝም። እግዜር ሲያደርገው ባለቤቴ ከጅማ ሲመለስ መኪናው ላይ ቦታ ነበረው። ጆንያውን ሁላችንም ተሸክመን መንገድ ዳር አደረስን፤ የሽንኩርቷ ባለቤትም ከላይ ሆና አዲስ አበባ ወጣች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ገና ከሩቁ እጇን ታወዛውዛለች። «ከመኪናው ሳላወርደው ነው ያለቀው!» አለችን። «ሴቶቹ ጎማው ላይ ወጥተው ነው ከእጄ የቀሙኝ!» ይዛ የመጣችው ለቤቷ ጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮ ነበር። ሁለት ጆንያችንን አስቀድማ ሰጥታን ስለነበር እኛም በዓሉን በትልልቅ ሽንኩርት ዋልን።

ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናውም። የነጋዴው ድርቆሽ በዚያ ዓመት አንሶ ክረምቱን ከተፍኪ ገበያ ጭድ እየገዙ አሳለፉ። ያም ብቻ አይደለም፤ አንድ የወተት ደንበኛቸው፣ «ወተቱ ጎመን ጎመን ይላል» ብለው ቆርቆሮ ጣሳቸውን መለሱባቸው። ለዓመታት ባገኙኝ ቁጥር ይህን ሳያነሱ አያልፉም ነበር። የእኛ ጎመን ደህና ወጣ። የኦቦ ጌሾ ቅጠሉ ቢያንስም ጠላ ጠማቂዎቹ ኃይለኛ ነው ብለው ከሌላው አብልጠው ገዙት። ከሐረርጌም መልስ መጣ፤ አምስት ገጽ። ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው።

አማቴ ድነው ተነሡ፤ ትንሽ ያነክሱ ነበር። ዳኝነቱን ልመልስ ስል እጃቸውን አራግበው፣ «እኔ በሰዓት አላውቅም፤ አንቺው ያዢው» አሉኝ።

በዓመቱ ዝናቡ ደህና ሆነ። የመስኖው ወራት ሲደርስ፣ በጥር መጀመሪያ፣ ተራ ለማውጣት ማልጄ መጥለፊያው ጋ ስደርስ አራቱም ቤት ቀድመውኝ ቆመዋል። ኦቦ ከጌሾአቸው አጠገብ አዲስ መሬት ቆፍረዋል። ነጋዴው የሜዳቸውን እኩሌታ አርሰዋል። አማቴ እንኳ ሳይነግሩኝ ከጎመኑ ጎን መደብ አውጥተዋል።

«ምን ተከላችሁ?» አልኳቸው።

የሽንኩርቷ ባለቤት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ምን ይተክላሉ? ሽንኩርት ነዋ!» አለች። «አራቱም ለፋሲካ! አራቱም ውሃውን በአንድ ሳምንት ሊፈልጉት ነው። እስቲ አሁን ዳኚ፤ አይሻለሁ!»

ኦቦ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ማን ይቅደም በሚለው መጨቃጨቅ ጀመርን።